ለማን ጥዬው ልምጣ

መስከረም 12 ቀን

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንደምን ነው? ልጅህስ? አንድዬ ሁለታችሁንም ከክፉ ይሰውርልኝ። እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልህ የጓሮውን ክፍል የለሰነው ሰውዬ መሰላሉን ተሸክሞ ከግቢ እንደ ወጣ ነው። ክፍሉ አልቋል። ግድግዳው ነጭ ነው፣ መስኮቱ አዲስ ነው፣ በሩም እንደ ድሮው አይንቋቋም። ጎረቤቶቼ «ለተከራይ ነው?» ይሉኛል፤ «ለወንድሜ ነው» እላለሁ። «መቼ ይመጣል?» ሲሉኝ ያልሰማሁ መስዬ አልፋለሁ። መደንቆር አንዳንዴ እንዲህ ይጠቅማል።

ስለ ጆሮ ካነሳሁ አይቀር፣ ያ የላክህልኝ የጆሮ መሣሪያ ባትሪው አልቆ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። እዚህ የሚሸጡት ልኩ አይደሉም፤ ወይ ይተልቃሉ ወይ ያንሳሉ። ባለፈውም ጽፌልህ ነበር፣ ረሳኸው መሰለኝ። የፋብሪካው ማሽን ያን ሁሉ ዓመት ጆሮዬ ሥር ሲጮኽ ኖሮ አሁን ስልክ ሲደወል እንኳ አልሰማም። ጎረቤቴ መጥታ ታነሳልኛለች፤ እኔ ደግሞ የቤቴን ጉዳይ በሰው ጆሮ መስማት አልወድም። ስለዚህ ባትሪው እስኪመጣ ድረስ ደብዳቤ መጻፍህን አትተው።

የአባባን ደንብ ግን ትጠብቃለህ አይደል? ደብዳቤ ሲመጣም ሲላክም ሁላችንን ሰብስበው ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። «እዚህ ቤት ያለ ሁሉ ድርሻ አለው» ይሉ ነበር፤ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን ሳይቀር ቀስቅሰው። እኔ እስከ ዛሬ የአንተን ደብዳቤ ለባዶ ቤት ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ራሴ እንኳ በቅጡ ሳልሰማው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ና። ለመኖር ቢያቅትህ እንኳ ለአንድ ክረምት ና። ሚስትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች ወዲህ አንተ ለራስህ አንድ ቀን አልኖርክም። ስለ አለቃ ታስባለህ፣ አውቃለሁ። ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ አይደለሁ? ገና ድክድክ ሲል የቤቱን ጫማ ሁሉ በሰልፍ ካላቆመ የማይተኛ ልጅ። ግን እዚያ እንደሱ ያሉትን ልጆች የሚይዝ ቤት አለ ስትል ሰምቻለሁ። ለጥቂት ጊዜ ቢይዙልህ ምን አለበት? እሱ አይገባውም እንጂ፣ ቢገባው ኖሮ ራሱ «አባዬ ሂድ» ይልህ ነበር።

ሳምልኝ።

እህትህ

———

መስከረም 30 ቀን

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ። እኔም ልጄም በጣም ደህና ነን።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። እንደ ደንባችን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አለቃ ፎጣ እያጠፈ ተቀምጦ ነበር። ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፎጣና አንሶላ ሲያጥፍ ውሎ፣ ቤት ገብቶ ደግሞ የኛን ፎጣ ከቁም ሳጥን አውጥቶ እንደገና ያጥፋል። የኔ አስተጣጠፍ አይጥመውም። ጠርዙ ከጠርዙ ካልገጠመ ይበትንና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ካንቺ ደብዳቤ ምን ያህሉ እንደሚገባው እንጃ። ቃል ሲናገር የሚከፍልበት ይመስል ይቆጥባል፤ «እሺ»፣ «አይ»፣ «በቃ»፣ ከዚያ ፎጣው።

ክፍሉ በማለቁ ደስ አለኝ። ነጭ ግድግዳውን በዓይኔ አየሁት። ግን እትዬ፣ ለማን ጥዬው ልምጣ? ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶታል፤ ጢሙን የምላጨው ግን እኔ ነኝ። ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ፣ አውቶቡስ ይዤው ወጥቼ በሆቴሉ የኋላ በር የማስገባው እኔ፣ ሲወጣ በሩ ላይ የምጠብቀው እኔ። ደረጃው ሥር ያለችው ሱቄ ውስጥ ቁልፍ ስቀርጽ እውላለሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ደንበኛ ተሰልፎ እንኳ ቢሆን መዝጊያዬን አውርጄ እሮጣለሁ። የዚህ አገር ሐኪም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለው ብሎ ሲነግረኝ እናቱ ያለችኝን ታስታውሺያለሽ፤ «አደራ፣ እጁን እንዳትለቅ።» አልለቀቅኩም።

እሱ ባይኖር ነገ ጠዋት አውሮፕላን ላይ ነኝ። ግን አለ። እዚህ ላይ ነገሩ ያበቃል።

ባትሪውን አልረሳሁም፣ ጊዜ አጥቼ ነው። በሚቀጥለው እልካለሁ። ሐሙስ ከማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አንዲት ሴትዮ ትመጣለች። አንድ ሁለት ነገር ትጠይቀኛለች፣ ውኃዋን ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ወደ ገበያ ወጣ እላለሁ።

ይህንንም ከማሸጌ በፊት ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። አባባ ሰምተው ቢሆን ነጠላ ሰረዝ ላይ አልቆምክም ብለው ይቆጡኝ ነበር።

ወንድምሽ

———

ጥቅምት 5 ቀን

እትዬ፣

ላለፈው ሳትመልሺልኝ ሌላ ጻፍኩ። ሰላምታውን ይቅር በይኝ፤ ለሰላምታ የሚሆን ልብ የለኝም። ክው ብዬ እንደ ቀረሁ ነኝ።

ያቺ ሴትዮ መጣች። እኔ እንደ ወትሮው ወንበር ስቤላት፣ ውኃ ቀድቼላት፣ ስለ መብሉም ስለ እንቅልፉም ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እጇን አነሳች፤ በትህትና ነው።

«ዛሬ የምጠይቀው እሳቸውን ነው» አለችኝ።

እሳቸው ማን እንደሆኑ ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላዬ አለቃ ፎጣ ይዞ ተቀምጧል።

«ትልቅ ሰው ናቸው። የት መኖር እንደሚፈልጉ ራሳቸው ይንገሩኝ።»

ሳቅኩ እትዬ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ። «ጠይቂው እንግዲህ፤ ከአባዬ ጋር ይልሻል» አልኳት። ሁለት ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። አንዱ የኛ ቤት በር ነው። ሌላው እዚሁ አውቶቡሱ መስመር ላይ ያለ ቤት ነው፤ እንደ አለቃ ያሉ ወጣቶች ተጋርተው የሚኖሩበት፣ ጠዋትና ማታ የሚረዳቸው ሰው ብቅ የሚልበት። ከሱ ጋር አብሮ የሚሠራው፣ «ረጅሙ» የሚሉት ልጅ ከዚያ ነው የሚመጣው።

«ከማን ጋር መኖር ይፈልጋሉ?» አለችው።

የያዘውን ፎጣ አጥፎ ጨረሰ። ጠርዙን ዳሰሰ። «ከረጅሙ» አለ።

«ከአባትዎ ጋርስ?»

«አይ።»

ጥያቄው አልገባውም አልኩ። እሷም እሺ ብላ ፎቶግራፎቹን አቀያየረች፤ የግራውን ቀኝ፣ የቀኙን ግራ አድርጋ ደግማ ጠየቀችው። ጣቱን ያንኑ ቤት ላይ አደረገ። ሦስተኛ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። «አለቃ፣ ከአባዬ ጋር አትኖርም?» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ ነበር፣ የለም። «አይ። በቃ» አለና ሌላ ፎጣ አነሳ።

ሴትዮዋ ውኃዋን ሳትጠጣ ሄደች። እኔ ጠጣሁት።

ትናንት ሱቅ ውስጥ የሰው ቁልፍ አበላሸሁ። ማሽኑ ላይ አስሬው ጥርሱን ሙልጭ አድርጌ በላሁት፤ ደንበኛው ባይጮኽብኝ እጀታው ድረስ እሄድ ነበር። ምን በደልኩት እትዬ? እኔ እጁን አልለቀቅኩም። ይህንን ጮክ ብዬ ሳነብ እዚህ ቦታ ላይ አለቀስኩ። አለቃ ተነሥቶ ብርጭቆ ውኃ አመጣልኝና ተመልሶ ተቀመጠ።

ምን ላድርግ? ቶሎ መልሽልኝ።

ወንድምሽ

———

ኅዳር 4 ቀን

ለወንድሜ፣

ጽናቱን ይስጥህ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ እንዳልልህ ጆሮ የለኝም፤ ዓይኔን ነው ማመን ያቃተኝ። መነጽሬን ወልውዬ እንደገና አነበብኩት። ያው ነው። ቁጭ ብዬ ቀረሁ፣ የጣድኩት ውኃ ተንተክትኮ አልቆ ድስቱ አረረ፤ ሽታው ነው ያነቃኝ።

ልጅ አባቱን! እሺ ይህ ደግሞ የተማረ የተመራመረ ልጅ ቢሆን፣ ጊዜው ነው ይባላል። አለቃ? ጢሙን የሚላጭለትን ሰው? እኔ ከራሱ ነው ብዬ አላምንም። አስጠንተውታል። ያ ረጅሙ የምትለው ሰው ማን ነው? ዘመድ አለው? ስንት ዓመቱ ነው? ስሙንስ ታውቀዋለህ?

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቀየመኝ። እጅህን አንሥተህበት ታውቃለህ? ታላቅህ ስለሆንኩ ነው የምጠይቅህ። ካልሆነ አልሆነም በለኝ፣ አምንሃለሁ።

አሁን የምልህን ስማ። ሳይወስዱብህ ቅደማቸው። ቲኬት ቁረጥ፣ ሻንጣ አታብዛ፣ እንደ ሽርሽር አስመስለህ አምጣው። «ትንሽ ዞር ብለን እንመጣለን» በለው። እሱ እንደሆነ ከአውሮፕላኑ እስኪወርድ ድረስ ምንም አያውቅም፤ ከወረደ በኋላ ደግሞ እኔ አለሁ። ክፍሉ ሰፊ ነው። ፎጣ እንደሆነ እዚህም አለ፣ እስኪሰለቸው ያጥፍ።

ባትሪው ይቅር። መነጽርም ጠይቄህ እንደሁ ይቅር። እናንተ ብቻ ኑ። በየቀኑ በር በሩን ነው የማየው።

እህትህ

———

ታኅሣሥ 24 ቀን

ለእትዬ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። ዝም በማለቴ ምን እንዳሰብሽ አውቃለሁ። አኩርፌ ነበር። ካንቺ አይደለም፤ ከማን እንደሆነ ራሴም አላውቅም። ዛሬ ግን ኩርፊያው ለቀቀኝ። የለቀቀኝም በድንጋጤ ነው። ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ።

በመጀመሪያ፣ እጄን አንሥቼበት አላውቅም።

ያ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እንደ ወትሮው አነበብኩት፣ ጮክ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው። «እንደ ሽርሽር አስመስለህ» የሚለውን ሁሉ። ሐሳብሽንም ወድጄው ነበር፣ አልዋሽሽም። በማግስቱ ጠዋት ልላጨው ሳሙናውን በጥብጬ ብጠራው መልስ የለም። አልጋው ተነጥፏል። የሥራ ቦርሳው የለም። ከቁም ሳጥኑ ልብሱ፣ ከደጃፍ ጫማው የለም። የኔ ጫማ ብቻ ግድግዳውን ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ደረጃውን እንዴት እንደ ወረድኩ አላውቅም። ሳሙናው እጄ ላይ እንዳለ ጎዳናውን ይዤ ሮጥኩ። ብቻውን መንገድ ተሻግሮ አያውቅም፣ ብቻውን አውቶቡስ ተሳፍሮ አያውቅም፤ ማለቴ እኔ እንደማውቀው። ባስ ነጂውን ጠየቅኩ፣ ጋዜጣ ሻጩን ጠየቅኩ። ሆቴሉ የኋላ በር ስደርስ ዘበኛው አየኝና «ምን ሆነሃል? ልጅህ ከሁሉ ቀድሞ ገብቷል» አለኝ። በመስኮቱ አየሁት። አንሶላ ይዟል፤ በወዲያ ጫፍ ጓደኛው ይዞለታል፤ ይጠጋጋሉ፣ ይገጥማሉ፣ ይራራቃሉ። ሸሚዙን ራሱ ቆልፎታል፤ አንድም አልተዛነፈም።

በዚያው ሳምንት ሴትዮዋ ረድታው ገባ። እዚያ ቤት ማለቴ ነው። እኔም አልሄድኩም። ጠሩኝ፣ አልሄድኩም። ልጄ ሸሸኝ አልኩ፤ ገና ሽርሽር እንሂድ እንኳ ሳልለው የኔን ሽርሽር አወቀብኝ አልኩ። ሥራዬን እሠራለሁ፣ ቤት ገብቼ ከፎጣው ክምር ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። የላይኛውን ፎጣ ልጠቀምበት አልደፈርኩም፤ ፊቴን በካናቴራዬ ስጠርግ ከረምኩ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሱቄ ፊት ሰልፍ ነበር። ጎንበስ ብዬ ስሠራ ቆይቼ ቀና ስል አለቃ ከሁለት ሰው ኋላ ቆሟል። ተራውን ይጠብቃል። አጠገቡ ረጅሙ አለ። ለጠየቅሽኝ መልሴ፦ ረጅሙ በጣም አጭር ነው። ማን ስሙን እንዳወጣለት እንጃ፤ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ለማየት በእግሩ ጣት ይቆማል። አለቃ አገጩ ላይ ሁለት ቦታ ትንንሽ ወረቀት ለጥፏል። ራሱ ተላጭቶ ቆርጦታል።

ተራው ሲደርስ ቁልፍ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«አንድ» አለኝ።

ምን ልበለው? ለማንም የምለውን አልኩት። «የማን ቁልፍ ነው?»

«የኔ።»

«ለማን ነው የሚቀረጸው?»

«ለአባዬ።»

እትዬ፣ ለከተማው ሁሉ ቁልፍ ስቀርጽ ኖሬ ለልጄ አንድ ቀርጬለት አላውቅም። ለምን ይሆነዋል? በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ተበላሸብኝ። ሁለተኛው ሆነ። አለቃ ሁለቱን ቁልፎች ደርቦ ወደ ብርሃኑ አንሥቶ በአንድ ዓይኑ ጥርሳቸውን አስተያየ፤ እኔ የማደርገውን ልክ እንደኔ አድርጎ። ከዚያ አዲሱን ገፋ አድርጎ ወደኔ መለሰው።

«ያንተ» አለኝ። ቀጥሎም፣ «አሁን ሂድ።»

«የት ልሂድ?»

«እትዬ ጋ። ክፍሉ አልቋል። ግድግዳው ነጭ ነው። መስኮቱ አዲስ ነው። በሩ አይንቋቋም።»

ያንቺ ቃል ነው እትዬ፤ እንደ ጻፍሽው፣ በተርታ። ባንኮኒውን ያዝኩ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እኔ የለሁም» አለ። «አሁን ቤት የለሁም። ነገ ጠዋት አውሮፕላን።»

ገባሽ? እሱ ባይኖር ነገ ጠዋት አውሮፕላን ላይ ነኝ ብዬ የጻፍኩልሽን ታስታውሺያለሽ? አንድ ጊዜ ብቻ መሰለሽ የጻፍኩት? ስንት ዓመት ጽፌዋለሁ፤ ጽፌም ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ፣ ከፎጣው ማዶ ለተቀመጠው ልጄ። «ለማን ጥዬው ልምጣ»፣ «እሱ ባይኖር»፣ «ግን አለ»። እሱም ሰምቶ ሰምቶ፣ መላ ፈልጎልኝ፣ አለመኖር ከሆነ አልኖርም ብሎ ወጣ። እኔ ደግሞ ቤቴ ተቀምጬ ከዳኝ ብዬ አኮረፍኩ።

መዝጊያዬን አወረድኩ። ሰልፉ ላይ የቀሩት አጉረመረሙ፤ ያጉረምርሙ። አቀፍኩት። አለቃ መታቀፍ ብዙ አይወድም፣ ግን ቆመልኝ። «ና፣ ቤታችን እንግባ። እኔ የትም አልሄድም። ከኔ ጋር ኑር» አልኩት።

«አይ» አለኝ። ቁልፉን ጆሮዬ ላይ አንቀጨቀጨው። «ቤት አለኝ።»

ረጅሙ ደግሞ ከሥር ሆኖ «ዛሬ ሾርባ የሱ ተራ ነው። እንዳይረፍድብን» አለ።

ጥለውኝ ሄዱ። ለኔ ብሎ ነው የወጣው፣ ወይስ መውጣቱ ጥሞት ነው? አላውቅም። የማውቀው ሰበቤን እንደ ወሰደብኝ ነው። አሁን አልመጣም የምልበት ምክንያት የለኝም፤ ከመጣሁ ደግሞ የሰማውን ሁሉ እውነት አደረግኩበት። ካልመጣሁ የከፈለውን ዋጋ ከንቱ አስቀረሁበት። ቁልፉ ይኸው ጠረጴዛው ላይ አለ። ይህንን ደብዳቤ ለማንም ጮክ ብዬ አላነበብኩም። የሚሰማኝ የለም።

ወንድምሽ

———

ጥር 22 ቀን

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ የጀመርኩትን ስፌት ጥዬ ወረቀት አነሣሁ። እንደሱ ደንግጬ አላውቅም፤ እናታችን ስታርፍ እንኳ አለቀስኩ እንጂ አልደነገጥኩም። ላንተ ሌላ የምለው የለኝም። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ላንተ አይደለም። ይዘኸው ልጁ ቤት ሂድ፣ ደንቡን ጠብቀህ አንብብ፣ ከራስህ አንድም ነገር አትጨምር።

ለወንድሜ ልጅ፣ ለተከበርከው አለቃ፣

ጤና ይስጥልኝ። አክስትህ ነኝ። የሚያነብልህ አባትህ ነው፣ የማወራው ግን ካንተ ጋር ነው። ከዛሬ በፊት አንድም ቀን ካንተ ጋር አላወራሁም። ስላንተ ነው ሳወራ የኖርኩት፣ ያውም አንተ ፊት። ሰው ፊት ስለ ሰውዬው እንዲህ ይወራል? ሌላ ሰው ቢያደርገው ባለጌ እለው ነበር።

«አይገባውም እንጂ፣ ቢገባው ኖሮ ሂድ ይልህ ነበር» ብዬ ጽፌ ነበር። ገብቶህ ነበር። «አባዬ ሂድ» አልከው። ጆሮ የለኝም ብዬ ሳማርር የኖርኩት እኔ፣ አንድ ቤት ውስጥ ከሁላችን ይልቅ የሚሰማ ሰው መኖሩን ሳላውቅ እድሜዬን ጨረስኩ። እንደ ሽርሽር አስመስለህ አምጣው ያልኩትም እኔ ነኝ። ክፉ አስቤ አልነበረም፤ ግን ክፉ ነው። ይቅር በለኝ ልጄ።

አሁን ልጠይቅህ። ማንም አይመልስልህ፣ አንተ መልስ። አባትህ ይምጣ ወይስ ይቅር? አንተስ ትመጣለህ? ክፍሉ ሁለት አልጋ ይይዛል። ረጅሙም ከፈለገ ይምጣ፤ አጭር ከሆነ ቦታ አይፈጅም። ከመጣህ እንደ እንግዳ በፊት በር ትገባለህ። ካልመጣህ ደግሞ ቅር አይለኝም፤ ይለኛል፣ ግን እችለዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። አባትህ ባትሪ እልካለሁ እያለ ይረሳል። አለቃው አንተ ስለሆንክ አስታውሰው።

ፈጣሪ እጅህን ይባርከው። ጢምህን ስትላጭ ቀስ በል።

አክስትህ

———

የካቲት 15 ቀን

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን እነሱ ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛቸው ላይ አነበብኩት። በቁልፌ ከፍቼ ነው የገባሁት። አለቃ ከእጁ ፎጣውን አስቀምጦ ነው ያዳመጠሽ፤ ለኔ አስቀምጦልኝ አያውቅም። «ይቅር በለኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ድገም አለኝ። ደገምኩት። ከዚያ «ጻፍ» አለኝ። ከዚህ በታች ያለው የሱ ነው። ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም። ጮክ ብዬ አንብቤለት «ልክ ነው» ብሏል።

ለእትዬ።

ጤና ይስጥልኝ። ከጆሮሽ በቀር ደህና ነሽ። እኔ ደህና ነኝ።

አሁን አልመጣም። ሥራ አለኝ። እረፍት ሲሰጡኝ እመጣለሁ። ረጅሙ አይመጣም። አውሮፕላን ይፈራል።

አባዬ ይመጣል። ክረምቱን ይቆያል። ከዚያ ይመለሳል። ቁልፍ አለው። እሁድ እኔ ጋ ነው የሚበላው።

አባዬ ሲያለቅስ አትቆጪው። ውኃ ስጪው።

ሽርሽር ውሸት ነው። ውሸት አልወድም። ይቅር ብያለሁ።

የአባዬ ሻንጣ ውስጥ ፎጣ አለ። እኔ ነኝ ያጠፍኩት። አትበትኚው።

ባትሪም አለ። አባዬ ረስቶት ነበር። የድሮውን ማሸጊያ ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ለሰውዬው አሳየሁት። ልኩ ነው።

ጆሮሽ ውስጥ አድርጊው። ስልክ ሲጮኽ ጎረቤት አታንሳ። አንቺ አንሺው።

እኔ አወራለሁ። አንቺ ስሚ።

አለቃ